«ከልጣጭ የወጣ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ተፈጥሯዊ የጽዳት ኬሚካሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሊሞኒንን፣ ማለትም ቅባትና ቀለም የሚያሟሟውን የልጣጭ ፈሳሽ፣ ማንሳታችሁ ደግ ነው። «ከብርቱካን ልጣጭ ስለሚወጣ ምንም ጉዳት የለውም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን አልተዋጠችልኝም።

ሊሞኒን ጉልበተኛ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ እሱ ነው፤ ጭማቂ ፋብሪካዎች ከሚተርፋቸው ልጣጭ ተጨምቆ ወይም በእንፋሎት ተነጥሮ ይወጣል። ጉልበቱን ማየት ያማረው ሰው ትኩስ ልጣጭ አጠፍ አድርጎ የተወጠረ ፊኛ ላይ ጭምቅ ያድርገው፤ ብዙ ጊዜ ፊኛው ጧ ይላል፣ ምክንያቱም ዘይቱ ጎማውን ያሟሟዋል። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ፎም ደግሞ ንጹሕ ሊሞኒን ውስጥ ሲገባ ዓይናችሁ እያየ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ግሪስማ ጨርሶ አይችለውም። የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ቶሎ አይተንም፣ ቆሻሻው ላይ ቆይቶ ይሠራል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ብረት የሚያጸዱበት፣ ቀለም ቀቢዎች በአኳራጅ ፈንታ የሚይዙት፣ ላቦራቶሪዎችም ለማይክሮስኮፕ የሚዘጋጅ የሰውነት ናሙና ላይ ዛይሊን የሚባለውን አሟሚ የተኩበት። ሽቶውንና ሳሙናውን እንኳ ተዉት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ይነዳል። 48 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተኑ እሳት ካገኘ ይያያዛል፤ ልጣጩን ሻማ አጠገብ ስትጨምቁት ብልጭ ብልጭ የሚለው እሱ ነው። ሁለተኛውና እናንተ ጭራሽ ያላነሳችሁት የቆዳ ጉዳይ ነው። ትኩሱ ሊሞኒን ለቆዳ ያን ያህል ክፉ አይደለም፣ ጣጣው የሚመጣው ጣሳው ተከፍቶ ሲቀመጥና ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ያኔ ሃይድሮፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር ይፈጥራል፣ እሱ ደግሞ አለርጂ ያስይዛል። አንዴ የያዘው ሰው ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሊሞኒን ያለበት ሽቶ በነካ ቁጥር ሊያሳክከው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ዝም ብሎ አይደለም ቆዳ ላይ በሚቆይ መዋቢያ ውስጥ ከ0.001 በመቶ በላይ ካለ ስሙ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ ያለው።

እኔ አትጠቀሙበት አላልኩም፣ እንዲያውም ከነዳጅ ከሚሠሩት ከብዙዎቹ አሟሚዎች እመርጠዋለሁ። ግን እርማት ስታወጡ ጓንት ይደረግ፣ ጣሳው ጥርቅም ተደርጎ ይከደን፣ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት በሉ። የተረፈውም ቱቦ ውስጥ አይደፋ፤ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው።

አንባቢያችሁ