ከጥምቀት በኋላ ኑ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጣጠር። ኔትወርኩም፣ ኑሮውም፣ ስንፍናውም ተደራርቦ ነው። በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ሰማሁት። ከኋላ የልጆቹ ጩኸት ስለነበር ግማሹ አልተሰማኝም። ዋናው ግን ገብቶኛል፦ አባባንና እማማን፣ ወንድምሽን፣ ልጆችሽን፣ የእህትሽንም ሕፃን ይዘሽ ባሕር ዳር ልትመጪ ነው። እሰይ! በድምፅ ልመልስልሽ ጀመርኩና የምለው በዛብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

መቼ ይሻላል ላልሽው፣ ከጥምቀት በኋላ ኑ። ልጆቹ ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት ክረምት ላይ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን እርሺው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከቤት አያስወጣችሁም። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ እማማ ደግሞ ፍልሰታን ከደብራቸው ርቀው እንደማይጾሙ አንቺ ታውቂያለሽ። መስከረምና ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ግን ትምህርት ተጀምሯል፣ ወባም የምትበረታው ከክረምት ማግስት ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይያዝና እስከ ገና ይዘልቃል።

ከጥምቀት በኋላ ግን ሁሉም ነገር ይገጥማል። የልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍትም እዚያው አካባቢ ነው። ዝናብ የለም። ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር ጾም የለም። ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም፣ ከየካቲት 21ም አያልፍም። ከነነዌ ሰኞ እስከ ዐቢይ ጾም ሰኞ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። የዘመኑን ባሕረ ሐሳብ አባባን ጠይቂያቸው። ሒሳቡን በጣታቸው ሠርተው ይነግሩሻል፣ ደስም ይላቸዋል።

አንድ ችግር ግን አለው። ጥር የሠርግ ወር ነው። እዚህ ደግሞ ሠርግ ማለት የሆቴል ግቢ ማለት ነው። ባለፈው አክስቴ መጥታ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል አሳርፈናት ነበር። ክፍሉ ንጹሕ፣ እይታው ለጉድ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስፒከሩ ከመስኮቷ ሥር ተከፈተ። እስከ እኩለ ሌሊት ከሙሽሮቹ ጋር አብራ አመሸች። ስለዚህ ብር ከመላክሽ በፊት «በእነዚህ ቀኖች ሠርግ አለባችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ብትፈልጊ እኔ ራሴ ሄጄ እጠይቅልሻለሁ።

ከሆቴልም ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ሙሉ ቤት ብትከራዩ ባይ ነኝ። ሕፃኑ በሌሊት ወተት ይሞቅለታል፣ እማማ ቡናቸውን በራሳቸው ረከቦት ያፈላሉ፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ምድር ቤት መኝታ ክፍል ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ አሳንሰር የሚሉት ነገር ጌጥ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወለሉ እንዳያንሸራትት፣ ሽንት ቤቱም ተቀምጠው የሚጠቀሙበት እንዲሆን። የአባባ ጉልበት ቁጭ ብድግ እንደማይችል ራስሽ ነግረሽኛል። አልጋዎቹ አጎበር ይኑራቸው። ጥር ላይ ወባ ቢቀንስም ጨርሶ አይጠፋም፤ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ አያውቋትም።

መንገዱን በተመለከተ፣ አባባ «በዓባይ በረሃ በኩል በመኪና ካልሄድን» እንደሚሉ ከወዲሁ ይታየኛል። ለጊዜው በአውሮፕላን ኑ። ለምን እንደምል አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቲኬት ስትቆርጪ ለአባባ ዊልቸር እንዲያዘጋጁ አስቀድመሽ ንገሪ። አያስፈልገኝም ይላሉ። አንቺ ግን ንገሪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ ፕሮግራም የሚያወጣው ሐይቁ ነው። ጣና ጧት ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም አብሮት ይመጣል። ያኔ ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ትንሿ ልጅሽ ታስመልሳለች፣ እማማም ዳዊታቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ ውኃ ላይ የሚሆነው ሁሉ ጧት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ ምሳ ሳይደርስ ቤት ትገባላችሁ። ከዚያ ትልልቆቹም ትንንሾቹም ይተኛሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ በሐይቁ ዳር ቀስ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። በቀን ከአንድ ቦታ በላይ እንዳታስቢ! ወንድምሽ ዝርዝር ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዝርዝሩን ቀሚው።

ዘጌን ግን እንዳትተዉ። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣሪያ ያለው ጀልባ ያዙ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይኑረው። ከመነሳታችሁ በፊት የልጆች ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንሽ እዪ፤ «አለ፣ አለ» የሚለውን አትመኚ። ብዙ ጊዜ ያለው የትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ ላይ ሲታሰር በአንገት ሾልኮ ይወጣል። አባባ ስኳር በሽታ ስላለባቸው ዳቦና ሙዝ ያዢላቸው፣ ከረሜላም ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ዘጌ ስትደርሱ ሁለት አማራጭ አለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከወደቡ ትንሽ ያስኬዳል። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፣ ጥላ አለው፣ ግን ድንጋይና ዳገት አይጠፋውም። አዝዋ ማርያም ለወደቡ ቅርብ ናት። እኔ ብሆን አባባን አዝዋ አሳርፌ ልጆቹን ይዤ ዑራ እሄዳለሁ። እማማ ግን ኪዳነ ምሕረት ስትባል ሰምተው ወደ ኋላ የሚቀሩ አይመስለኝም። በትራቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ይደርሱልሻል።

ዑራን ልጆቹ ይወዷታል ስልሽ ከልቤ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ፈረሱ፣ ዘንዶው፣ መልአኩ፣ ሰይፉ። የእኔ ትንሹ በላኤ ሰብእን ካየ ወዲህ «እውነት ሰው በላ? ስንት? ከነጫማቸው?» እያለ ሲያደርቀኝ ከረመ። መልሱን ለሴት አያቱ ተውኩት። እሷም በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ስለሰጣት እፍኝ ውኃ ስትነግረው ምሳው እስኪቀዘቅዝ አፉን ከፍቶ ሰማት። እማማም ለልጆችሽ እንዲህ ይነግሩልሻል። አስጎብኚው ካወራው የእሳቸውን ያስታውሳሉ። ጫማ ማውለቅ ስላለ ለአባባ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጊላቸው። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ።

በዚያውም ለልጆቹ ንገሪያቸው፦ በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይባላል። ሰዉ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። አባባ የገበሬ ልጅ ናቸውና «ያለ በሬ? እንዴት ሆኖ?» ብለው ከባለአገሩ ጋር ጨዋታ ይጀምራሉ። አትቸኩሉባቸው። ከሥዕሉም ከሐይቁም ይልቅ እሱ ይሆናል የሚቀርላቸው።

ስለ ደሴቶቹ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። እናንተ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሴት ናችሁ። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሁሉም ክፍት ናት። ደብረ ማርያምም ለከተማው ቅርብ ናት፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚያው አጠገብ ነው። ጧት ብትሄዱ ጉማሬ ልታዩ ትችላላችሁ። በጆሮውና በዓይኑ ብቻ ብቅ ሲል ልጆቹ ያብዳሉ። ባለጀልባው «ላስጠጋችሁ?» ካለ እምቢ በሉ። ጉማሬ ቀልድ አያውቅም።

አባባ የነገሥታቱን አጽም ካላየሁ ብለው ዳጋን ከፈለጉ ከወንድምሽ ጋር ለብቻቸው ይሂዱ። ሙሉ ቀን ይበላል። ያን ቀን እኛ ሴቶቹ ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን። ሁሉም ሰው ሁሌ አንድ ላይ ካልሆነ የሚለው ነገር ነው ጉዞን የሚያበላሸው። ማታ እራት ላይ ከተገናኛችሁ ይበቃል። የተለያየ ነገር አይታችሁ ስትመጡ ወሬውም ይደምቃል።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፣ ጥር ላይ ደግሞ ወንዙ ራሱ ይሳሳል። አባባ በወጣትነታቸው ያዩትን ጢስ ጠብቀው ከመጡ ያዝናሉ። እግር መንገዱም ለጉልበታቸው አይሆንም። በዚያ ፈንታ ቤዛዊት ተራራ ውሰጃቸው። መኪናው ላይ ድረስ ይወጣል። ጃንሆይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። ከላይ ሆነው ዓባይ ሲጠማዘዝና ከተማዋን ያዩታል፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ አዲሱ ድልድይም አለ። ወደ ማምሻው ብትወጡ ይሻላል፤ ጋቢያቸውን አትርሺ።

ልጆቹን ሐይቁ ውስጥ አታስገቢያቸው። ዳር ዳሩ ያለው የረጋ ውኃ ብልሃርዚያ አለበት። በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አይጠበቅበትም። «እግራቸውን ብቻ» የሚባልም የለም። ዋና ካማራቸው ገንዳ ያለው ሆቴል ከፍለን እናስገባቸዋለን። ድንጋይ መወርወር፣ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ማየት፣ ሳይክል መንዳት ይበቃቸዋል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል እንደልብ ነው።

ምግብ አያሳስብሽም። ዓሣ ሞልቷል። ለልጆቹ እሾሁ የወጣለትን እዘዢ፣ ለትልልቆቹ ጉላሽ ወይም ለብለብ። ዓርብ ዕለት ግን ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እኔ ቤት እንዳታመጪው። ባለቤቴ አንዴ ከጀመረ አያባራም። ሽሮ እሠራለሁ፣ አለቀ።

ደግሞ ስለ አባባና እማማ ይህን ልብ በይ። ደከመኝ አይሉም። የዚያ ዘመን ሰው ደከመኝ ማለት ያፍራል። አማቴን ይዘን ስንወጣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ» ትላለች። የሚጠበቅ ዕቃ እኮ የለም። አንድ ፌስታል ነው። ያንን ስትሰሚ ወንበር ፈልጊ፣ ሻይ እዘዢ፣ አጠገባቸውም አንድ ልጅ አስቀምጪ።

ሒሳቡን ደግሞ አስቀድማችሁ ጨርሱት። ወንድምሽና እህትሽ ድርሻቸውን ከወዲሁ ለአንድ ሰው ይላኩ። ምግብ ቤት ውስጥ አባባ ኪሳቸው ሲገቡ መያያዝ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ቡናውን እሳቸው ይክፈሉ። ግድ የለም፣ ተዋቸው።

አሁን ቶሎ መልሺልኝ። የሕፃኑ ዕድሜ ስንት ወር ደረሰ? ትንሿ መኪና ላይ ታስመልስ ነበር፣ አሁንም ነው? አባባ ኢንሱሊን ነው የሚወስዱት ወይስ ክኒን? ኢንሱሊን ከሆነ ፍሪጅ ያለው ቤት ነው የምፈልግላችሁ። ቀኑንም ቁረጡ። ጥር ላይ ቤት የሚያልቀው ከገና በፊት ነው። አንድ ሁለት ቤት በልቤ ይዣለሁ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አያቸዋለሁ።

ለአባባና ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ።

ያንቺው፣
የባሕር ዳሯ