ደብዳቤ ለልጄ፦ «በምን ታወቀ?» ሲሉሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት።

እሑድ ከደወልሽልኝ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ስልክ ላይ ብዙ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) በወጣሽ በሦስተኛው ቀን የክፍሉ መምህር ጠመኔውን ሰጥቶሽ ወጣ። ስልሳ ሁለት ልጅ ፊት ብቻሽን ቆምሽ። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ግን በምን ታወቀ?» አለሽ። አንቺም «መጽሐፉ ላይ አለ» ብለሽ አለፍሽው። ማታ አለቀስሽ። «አባዬ፣ አራት ዓመት ታሪክ ተምሬ፣ ኤግዚት ኤግዛም አልፌ፣ ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መልስ አጣሁ» አልሽኝ።

ያ ልጅ ግን ጥሩ ልጅ ነው። እንዳትቀየሚው።

እኔ ደባርቅ ጂኦግራፊ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ ነበር። የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከተራራው ግርጌ የመጣ፣ በቀን ብዙ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ልጅ ተነሣ። «መምህር፣ እኛ እዚያ ከብት እንጠብቃለን። ማን ወጥቶ ለካው? በምንስ ለካው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። የናቀኝ መስሎኝ «ቁጭ በል፣ የተጻፈውን ያዝ» አልኩት። ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ዛሬ አብዛኛው መጽሐፍ 4,550 ነው የሚለው። በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ቁጥሩ ወረደ። እኔ ግን ያን ልጅ ጠርቼ «ልክ ነበርክ፣ መጠየቅህ ልክ ነበር» የምልበት ጊዜ አልፎኛል። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ስላለሽበት ትምህርት ላውራሽ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ያ የባሕር ዳር ግቢ ገና ኮሌጅ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ነው። ሰው ዛሬም ፔዳ ይለዋል፣ በ1965 ሥራ ከጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ስም ነው። መምህር ለማፍራት የተሠራ ቦታ ላይ ነው የምትማሪው፣ ይሄን አስቢው። የእናንተ አካሄድ ከእኛ ይለያል። እኛ ትምህርቱንም ማስተማሪያ ዘዴውንም አንድ ላይ ነበር የምንማረው። ከ2003 ወዲህ በመጣው በፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ በሚሰጠው የማስተማር ዲፕሎማ) ግን መጀመሪያ ዲግሪሽን ትጨርሺያለሽ፣ ከዚያ ሳይኮሎጂውን፣ የማስተማሪያ ዘዴውን፣ ምዘናውን፣ አክሽን ሪሰርቹን፣ ፕራክቲከሙን አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይጭኑብሻል። ብዙ ልጆች ሥራ እስኪገኝ መቆያ ያደርጉታል። አንቺ እንደዚያ አትዪው። በተለይ ፕራክቲከሙን። ፎርም ሞልቶ ማስፈረም ብቻ ካደረግሽው ምንም አታገኚበትም። የክፍሉ መምህር ጥሎሽ መውጣቱም ትክክል አይደለም፣ ሱፐርቫይዘርሽን በትሕትና ንገሪው። አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሊያይሽ ይገባል።

ያ ልጅ የጠየቀሽ ስለ ውጫሌ ውል ነው አልሽኝ አይደል? እንግዲህ እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንቺን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብተሽ ምንም ሳትናገሪ ሰሌዳውን ለሁለት ትከፍያለሽ። በአንድ በኩል የአንቀጽ 17ን የአማርኛውን ቃል፣ በሌላው የጣልያንኛውን ትርጉም ትጽፊያለሽ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር ለመላላክ የኢጣልያን እገዛ መጠቀም «ይቻላቸዋል»። በጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ማድረግ ግዴታ ሆኖ ተያዘ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። መሐሉ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወደ ልጁ ዞር በዪና «በምን ታወቀ ብለኸኝ ነበር፣ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ነው የታወቀው፤ ሁለቱን ያነበበ ሰው ምን ሊጠይቅ ይችላል?» በዪው። መልሱን ከእነሱ ጠብቂ። ዝም ቢሉም ጠብቂ። ጀማሪ መምህር ዝምታ ያስፈራዋል፣ ቶሎ በራሱ ድምፅ ይሞላዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ።

እንግሊዝኛው ሌላ ፈተና ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ልጁ ግን የአያቱን ታሪክ የሚያውቀው በአማርኛ ነው። ዋናውን ቃል በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ ነገሩን በሚገባቸው ቋንቋ አስረጂ፣ መጨረሻ ላይ በገዛ እንግሊዝኛቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። አንድ ብቻ ይበቃል። በየቀኑ አንድ የጻፈ ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ስሰማ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁሉም እኛ መምህራን ፊት የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

ደግሞ ታሪክ ብቻ ነው የማስተምረው ብለሽ አትዘናጊ። መምህር ባነሰበት ቦታ ከተመደብሽ ዜግነት ትምህርትም ጂኦግራፊም ያሸክሙሻል። ኮንቱር (ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች) ላይ ስትደርሺ ትልቅ ድንች ይዘሽ ግቢ። ለሁለት ሰንጥቂና አንዱን ግማሽ በጠፍጣፋው በኩል አስቀምጪው፣ ተራራሽ እሱ ነው። ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች እየወረድሽ፣ እኩል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች አግድም ቁረጪው፣ ከዚያ ከታችኛው ጀምረሽ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ እያስቀመጥሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፣ ሁሉንም መሐል ለመሐል። ድንቹ ቀጥ ባለበት በኩል መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ዘንበል ባለበት ይራራቃሉ። ልጆቹ ይሄን ሲያዩ የሚያሰሙት «እ!» አለ፣ እሱን ለመስማት ስል ብቻ ሠላሳ ዓመት ባስተምር አይሰለቸኝም ነበር። ስለ ሕዝብ ብዛት ስታስተምሪ ደግሞ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ መሆኑን ንገሪያቸው። ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። «ትንበያ» የሚለውን ቃል ያስምሩበት።

የከበደሽ ሌላው ነገር፣ አንዱ ልጅ «አያቴ እንዲህ አይደለም ያሉት» ሲል ሌላው ይቆጣል ያልሽኝ ነው። ቀላል አይደለም፣ ክፍል ውስጥ የየቤቱ ቁስል አብሮ ይገባል። አንቺ ዳኛ አትሁኚ፣ ፈርተሽም ርዕሱን አትዝለዪው። አያቶቹን ይዘዋቸው ይምጡ፣ በቃላቸው ማለቴ ነው። ስለ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ለምሳሌ፣ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ያለውን ትልቅ ሰው ጠይቆ ይምጣ፤ መሬት ያገኘ አለ፣ መሬት የተወሰደበት አለ፣ አሮጌ የግብር ደረሰኝ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠም አይጠፋም። ጎን ለጎን ሲነበብ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ፣ የቁጣውም ድምፅ ይቀንሳል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልሽም። ብዙ ጊዜ ግን ሠርቶልኛል።

ስለ ደሞዙ እናትሽ የምትልሽን ታውቂያለሽ፣ እሷም ልክ ናት። ኑሮው ይከብዳል። እኔ ግን ይሄን ሥራ መርጠሽ በመግባትሽ ደስ ብሎኛል፣ ፊት ለፊት ነግሬሽ ስለማላውቅ አሁን ልንገርሽ።

በአክስትሽ ልጅ እጅ አንድ ጥቅል ልኬልሻለሁ፣ ሐሙስ መናኸሪያ ጠብቂው። ክፍል ውስጥ እሰቅለው የነበረው የኢትዮጵያ ካርታ ነው። አሥመራን ከነምጽዋ አገር ውስጥ ታገኚያለሽ፣ ጎጃምና ወለጋ ክፍለ ሀገር ናቸው፣ የዛሬዎቹን ክልሎች አታዪበትም። ያረጀ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው። የታተመበት ዓመት የተጻፈበትን ጥግ በወረቀት ሸፍኚና «ይሄ ካርታ መቼ ነው የተሠራው? በምን አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ያን ልጅ መጀመሪያ ጠይቂው።

አንድ ጫፉን ዝናብ ነክቶታል፣ ከመስቀልሽ በፊት ፀሐይ ላይ ዘርጊው።

አባትሽ
ጎንደር