«ለፈተና አጥኑት» ብዬ ስላለፍኩት ነገር

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ አስፈጭታለች፤ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

እሁድ ስትደውዪ ያልጨረስነው ወሬ አለ። የዶርም ልጆች «ወይ ዝግመተ ለውጥን ወይ እምነትሽን ምረጪ» እንዳሉሽ ነገርሽኝ። ከዚያ እኔ ዝም አልኩ። በኔትወርኩ አሳበብኩ እንጂ ኔትወርኩስ ደህና ነበር።

ስንት ዓመት ባዮሎጂ እንዳስተማርኩ ታውቂያለሽ። በየዓመቱ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ እርስዎ ግን ያምኑበታል?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔ የጠመኔ ብናኝ ከእጄ እያራገፍኩ «ለፈተና አጥኑት» እላለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም አልፋለሁ። አንቺንም እንዲሁ አልፌሻለሁ። ትንሽ ሆነሽ ብሔራዊ ሙዚየም ወስጄሽ ድንቅነሽን አየሻት። «አባ፣ እሷ ክርስትና ተነስታለች?» አልሽኝ። ጥበቃው ሳቀ። እኔ ከረሜላ ገዛሁልሽ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዳርዊንን ዘመን ሰዎች ደብዳቤ በስልኬ አነባለሁ። ከመነጽሬ ጋር እየታገልኩ ነው እንግዲህ። እኛ የሰማነው ወሬ «ሳይንስ አንድ ወገን፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ ወገን» የሚል ነው። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አዳም ሴጅዊክ የሚባል ሰው ነበር። የካምብሪጅ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ነው፤ ቄስም ነው። በ1831 ክረምት ወጣቱን ዳርዊንን ይዞ ሰሜን ዌልስ ተራሮች ላይ ወጣ። ዓለት እንዴት እንደሚነበብ አሳየው። ዳርዊን በዚያው ዓመት ነው በመርከብ ዓለምን ለመዞር የተነሳው። 28 ዓመት አለፈ። በኅዳር 1859 ዳርዊን ዝግመተ ለውጥን ያስረዳበት መጽሐፍ ወጣ። የታተመው 1250 ቅጂ ነበር፤ መጽሐፍ ሻጮች ወዲያው አዘው ጨረሱት። አንዱን ዳርዊን ለመምህሩ ላከለት።

ሽማግሌው መልስ ጻፈ። መጽሐፍህን ከደስታ ይልቅ በሐዘን ነው ያነበብኩት አለው። አንዳንዱን ቦታ አድንቄያለሁ፣ አንዳንዱ ጋ ጎኔ እስኪያመኝ ስቄያለሁ፣ ሌላው ግን አሳዝኖኛል አለው። ልብ በይ፣ ቁጣው የቄስ ብቻ አይደለም። ከማስረጃ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ የሚሄደውን የሳይንስ መንገድ ትተሃል ብሎም ወቅሶታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እግዚአብሔር በሥራውም በቃሉም የገለጠውን ብንቀበል በሰማይ እንገናኛለን ይለዋል። የድሮ ወዳጅህ ብሎ ፈረመ። እዚህ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

ሌላው ቄስ ቻርልስ ኪንግስሊ ነው። መጽሐፉ ገበያ ላይ ሳይወጣ ደርሶት አነበበው። ፍጥረታት ራሳቸውን እያሻሻሉ እንዲሄዱ አድርጎ የፈጠረ አምላክ፣ እያንዳንዱን ክፍተት በአዲስ ሥራ ከሚሞላ አምላክ አያንስም ብሎ ጻፈለት። ዳርዊን ደስ ስላለው ሐሳቡን ስም ሳይጠራ በ1860ው ሁለተኛ እትም ውስጥ አስገባው። አሜሪካ ውስጥም ቀድሞ የተሟገተለት የሃርቫርዱ የዕፅዋት ሊቅ ኤሳ ግሬይ ነው፤ የለየለት ፕሮቴስታንት። የተቃወመው ደግሞ እዚያው ሃርቫርድ ያለው ሉዊ አጋሲ ነው፤ የዘመኑ ስመ ጥር ሳይንቲስት።

የኦክስፎርዱን ክርክር ሰምተሽ ይሆናል። ሰኔ 30 ቀን 1860 ጳጳሱ ዊልበርፎርስ የዳርዊን ደጋፊ የሆነውን ሳይንቲስት ሀክስሊን «በወንድ አያትህ በኩል ነው ወይስ በሴት አያትህ በኩል ከዝንጀሮ የመጣኸው» ብሎ አሾፈበት የሚባለው። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ብዙ አስቄበታለሁ። ግን ያኔ ቃል በቃል የጻፈው የለም። በማግስቱ እዚያው ከተማ ፍሬድሪክ ቴምፕል የሚባል ቄስ የሰበከውን ግን ማንም አያነሳውም። የእግዚአብሔርን ጣት በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ፈልጉ ብሎ ነው የሰበከው። ይኸው ሰው በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

ዳርዊንን እንቅልፍ የነሱት ጳጳሳት አይመስሉኝም። ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የምድርን ሙቀት አስልቶ፣ ዕድሜዋ ለዝግመተ ለውጥ የሚበቃ አይደለም አለ። ዳርዊን መልስ ሳያገኝ ሞተ፤ የዓለትን ዕድሜ በራዲዮአክቲቪቲ መለካት የተጀመረው ከሱ በኋላ ነው። በ1867 ደግሞ ጄንኪን የሚባል መሐንዲስ መጣ። ያኔ የእናትና የአባት ባሕርይ ልጅ ላይ ይዋሃዳል ብለው ነበር የሚያስቡት። ጀበና ሙሉ ቡና ውስጥ አንድ ጠብታ ወተት ጨምሪ። ማን ያገኛታል? አዲስ ጥሩ ባሕርይም እንደዚያው ይጠፋል አለ። ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱ ታትሞ ቁጭ ብሎ ነበር። ብርኖ ገዳም ውስጥ አተር ሲያዳቅል የኖረው መነኩሴ ሜንዴል በ1866 አሳትሞታል። ባሕርያት አይዋሃዱም፣ ተለይተው ነው የሚተላለፉት። እስከ 1900 ድረስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ተስማምቶ ኖረ እያልኩሽ አይደለም። የፕሪንስተኑ የሃይማኖት መምህር ቻርልስ ሆጅ በ1874 ዳርዊኒዝም ክህደት ነው ብሎ ጽፏል። ዳርዊን ራሱም እምነቱ ቀስ በቀስ ተሟጥጧል። የአሥር ዓመት ልጁ አኒ በ1851 ስትሞትበት የደረሰበትን ሐዘን ሳነብ፣ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አቅም አጣሁ።

አሁን ያንን የክፍል ጥያቄ ልመልስልሽ። ያስቸገረችኝ «ያምኑበታል?» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ለእግዚአብሔርም ለአተር ሙከራም አንድ ቃል ነው የምንጠቀመው። ዝግመተ ለውጥን ማስረጃውን አይቼ ተቀብየዋለሁ። እሁድም ቅዳሴ አልቀርም። ሁለቱ የማይገጥሙልኝ ቦታ አለ፤ እንደያዝኩት እኖራለሁ። ይህን ለተማሪዎቼ አለመናገሬ ይቆጨኛል።

የዳርዊን ሚስት ኤማ አጥባቂ አማኝ ነበረች። በተጋቡ ሰሞን፣ ከጥርጣሬው የተነሳ ለዘላለም እንዳይለያዩ መፍራቷን ጽፋ ሰጠችው። አልተከራከራትም። ወረቀቱን ዕድሜ ልኩን ጠብቆ አኖረው። ከታች በእጁ የጨመረባት ጽሑፍ አለ፦ ስሞት፣ ይህችን ወረቀት ብዙ ጊዜ እየሳምኩ እንዳለቀስኩባት እወቂ።

አያትሽን ደውዪላት። ስለ ባዮሎጂ አትጠይቅሽም፤ ጾሙን መያዝሽን ነው የምትጠይቅሽ።

አባትሽ