ምርምሩ ከአዳራሽ ይውጣ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጉባኤና ሽልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሽልማቱን አልቃወምም። የሚሸለመው ሥራ ግን ለማን እንደደረሰም መታየት አለበት።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ስላወጡ ነው። የተማሩት ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን፣ ሐረማያ ነው። አቀንጭራ የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃና ምግቡን ይመጥጣል፤ የሐረርጌ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ያ ምርምር የተከበረው ዘሩ ማሳ ድረስ ስለሄደ ነው።

ድሬዳዋም የራሷ ጥያቄ አላት። ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው እንቅልፍ የለውም። የጎርፍ ጥናት በእንግሊዝኛ ተነቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ ካበቃ ለእሱ ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ ተሸላሚ ጥናት ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው። ከጉባኤውም ግማሽ ቀኑ ቀፊራ አካባቢ በሚገኝ የቀበሌ አዳራሽ ይካሄድ፤ ነዋሪው ይጠይቅ፣ አጥኚው ይመልስ።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ