ሦስተኛዋ ጥይት የት ገባች?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቦ ነው የሚያረፍደው፣ እኔም ጋቢዬን። እናትህ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ተሽሏት ነው መሰለኝ በቴሌግራም የላክኸውን ድምፅ ደጋግማ የምትከፍተው።

ስለዚያ ድምፅ ልንገርህ። ቴሌግራሙ የገባው ቶና እየተጠጣ ሳለ ነው። ጎረቤቱ ሰብሰብ ብሏል። እናትህ ስለ ሥራህ የምታወራ መስሏት ስልኩን ከፍ አድርጋ ከፈተችው፣ አንተም "አባዬ፣ አጋዘን ላይ ሦስት ጥይት ተኩሼ ሦስቱንም ሳትኩ፣ የሸሚዜንም ጭራ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አትቀየም። ወሎ መሆኑን አትርሳ፣ እዚህ ሰው የሚሳቅበት ስለሚወደድ ነው። ሸሚዙ ለምን እንደተቆረጠ ግን ማንም አልገባውም ነበርና እኔ አስረዳሁ። እዚያ እሱ ባለበት በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ በኩል አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ ይቆረጣል፣ የቆየ የአዳኞች ቀልድ ነው፣ ክፋት የለበትም አልኳቸው። አንዷ ጎረቤታችን ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ምን አለበት፣ እዚህ ቢሆን ስም ያወጡለት ነበር፤ ሸሚዝ ይገዛል" አለች።

እውነቷን ነው። የአባቴን ታናሽ ወንድም ታሪክ ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ፣ ወይም እናትህ ፊት ስለማይወራ ዘልዬዋለሁ። ወረኢሉ በኩል ነበር የሚኖረው። ማታ ማታ ድኩላ እየመጣ ባቄላውን ይፈጅበታል። ሰውየው ከአባቱ የወረሳት ምንሽር አለችው፣ ወሬው ደግሞ ከምንሽሯ ይረዝማል። አንድ ቀን ነገ ድኩላውን ካልጣልኩ ሱሪ አልታጠቅሁም ብሎ ይፎክራል። በማግስቱ አመሻሽ ላይ የመንደሩ ሰው ለማየት ወጣ፣ ሕፃን ሳይቀር። ድኩላው መጣ። አጎቴ ምንሽሯን ካቡ ላይ አስደግፎ አነጣጠረ፣ አነጣጠረ፣ ሰው ትንፋሹን እስኪውጥ አነጣጠረና ለቀቀው። ጥይቷ ከድኩላው በላይ አልፋ ወይራው ላይ የተሰቀለውን የጎረቤት ቀፎ በረቀሰችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቀኝ። ንቡ ሰውን እንደ ጠላት ጦር ነው የበተነው። አጎቴ ጠመንጃውንም ጋቢውንም ጥሎ ወንዝ ገባ። ድኩላው አንዴ ቀና ብሎ አየና ወደ ጥሻው ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ንብ ገዳይ" ሆነ። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የገደለ በሚፎክርበት አገር ንብ ገዳይ! አርጅቶ በሞተ ጊዜ እንኳ አስለቃሿ ስታወድሰው "ንብ ገዳይ" ብላ ጣል ስታደርግ ለቀስተኛው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ስለዚህ ስለ ሸሚዝህ አትዘን።

ያ እንግዲህ ድሮ ነው። ዛሬ እዚህ ድኩላ ተኩሰህ ብትጥል የሚመጣልህ ፉከራ ሳይሆን ፖሊስ ነው። በሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፣ ደግም አደረጉ፣ ጫካው ራሱ ስንት ቀረና። ድኩላና ሰስ ማየት የናፈቀው ሰው መካነ ሰላም ድረስ ሄዶ ቦረና ሳይንት ፓርክ ይገባል፣ ዕድል ከቀናው ቀይ ቀበሮም ያያል። ያንተው የአሜሪካ አጋዘን ደግሞ የድኩላ የቅርብ ዘመድ አይደለም። የእኛ ድኩላ ቀንዱን አንዴ ካበቀለ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፣ የዚያኛው በየዓመቱ ወልቆ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ይህን ለእናትህ ስነግራት ቀንዱ አላሳሰባትም። "ይበላል ወይ?" ነው ያለችኝ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፣ ይበላል አልኳት። "ጾም ገብቷል፣ እንኳን ሳተው" ብላ ገላገለችኝ። ለአደን የለበስከውን ብርቱካናማ ሰደርያ ግን ወዳዋለች። እዚያ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች ብርቱካናማ ሳይለብሱ በጠመንጃ አጋዘን ማደን እንደማይቻል ስትነግራት ትንሽ ተንፍሳለች። አጋዘኑ ያንን ቀለም እንደ ሰው አጥርቶ አያየውም ብላት ግን ያንተን ያህል አታምነኝም፣ አንተው አስረዳት።

አሁን ወደ ሰበቦችህ ልምጣ። ሚሊሻ ተኩስ ሳለማምድ በኖርኩበት ዘመን ያልሰማሁት ሰበብ ስለሌለ ያንተዎቹ አላስደነቁኝም።

ማማው ከፍ ያለ ስለነበር ጥይቱ በላዩ አለፈ አልክ። ማማው 6 ሜትር፣ አጋዘኑ 60 ሜትር ላይ። ይሄ አይሠራም። ቁልቁል ስትተኩስ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው፣ እውነት ነው። እዚህ የእኛ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ በ45 ዲግሪ ቁልቁል 200 ሜትር ላይ ያለ ነገር የሚተኩስ ሰው 141 ሜትር ላይ እንዳለ አድርጎ ካላነጣጠረ ከፈለገው በላይ ይመታል። ያንተ 60 ሜትር ግን ሲሰላ 59.7 ሜትር ነው። በ30 ሳንቲም ልዩነት አጋዘን አይሳትም፣ ይህን ለጓደኞችህ እንዳትነግራቸው፣ ሌላ ሸሚዝ ያስከፍልሃል።

የጠመንጃውን መነጽር 9 ላይ አድርጌው ነበር ስትል ግን ጆሮዬን አቆምኩ። 60 ሜትር ላይ የቆመን እንስሳ 9 ጊዜ አቅርበህ ካየኸው የምታየው ፀጉር ብቻ ይመስልሃል። ትከሻው ይሁን ዳሌው ሳይገባህ ስታስስ ጊዜው ያልፋል። ጫካ ውስጥ ዝቅ አድርገህ 3 ላይ ተወው። ሩቅ የመጣ እንደሆነ ከፍ ለማድረግ ጊዜ አታጣም። ጭራሮ መትቶብኝ ይሆናል ያልከውንም አልጥለውም። ቀጭን ቅርንጫፍ ጥይትን ያስታል፣ በመነጽር ስታይ ደግሞ ቅርብህ ያለው ጭራሮ ደብዝዞ ስለሚጠፋ መኖሩንም አታውቅ።

እውነተኛውን ምክንያት ግን እንደ ዋዛ ነው ጣል ያደረግኸው። "ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር" አልክ። በቃ። ቀንዱ 8 ቅርንጫፍ እንዳለው ቆጥረህ ነግረኸናል፣ ትከሻው የት እንደነበር ግን አንድ ቃል አልወጣህም። ዓይንህ ቀንዱ ላይ ነበር፣ ጥይትህም ዓይንህን ተከትላ ሽቅብ ሄደች። ሰው ትልቅ ነገር ሲመጣበት እንዲህ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዙሪያው ይጨልምበታል፣ ቃታውንም መጭመቁ ቀርቶ ይነጥቀዋል።

እኛ ይህን የምናወጣበት ዘዴ ነበረን። ከጥይቶቹ መሀል ባሩድም ማቀጣጠያም የሌለው አንድ እደባልቃለሁ፣ የቱ እንደሆነ ተኳሹ አያውቅም። አንድ፣ ሁለት ይተኩሳል፣ ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ጠመንጃው "ቀጭ" ብቻ ይላል። አፈሙዙ ግን ጥይት እንደወጣ ሁሉ ወደ መሬት ድፍት ይላል። ሰደፉ ገና ምንም ሳይነካው ትከሻው ቀድሞ ደንግጧል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ጥርሱ ተነክሷል። ራሱን በራሱ ሲይዝ ፊቱ ላይ የምታየው ነገር! ቀድመህ ብትነግረውማ "እኔ? እኔ አልደነግጥም" ነው መልሱ። ጓደኛህን ይህን አድርግልኝ በለው፣ እሱ ይሙላልህ፣ አንተ አትይ። ካልደነገጥክ ቢራ እኔ እከፍላለሁ፣ ከደነገጥክ ደግሞ አፈሙዙ እስኪረጋ ድረስ በባዶው ብቻ ተለማመድ። አጋዘኑ ሲመጣ ቀንዱን አንዴ እየው፣ ይበቃሃል። ከዚያ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ብብቱ ጋ፣ አንዲት የፀጉር ጉብታ ምረጥና እሷን ብቻ እይ።

በሁለቱ ጥይቶች እስክትጠግብ ስቄብሃለሁ። ሦስተኛዋ ግን አላሳቀችኝም፣ ማታም እሷን ሳስብ ነው ያመሸሁት።

ሦስተኛዋን የተኮስከው አጋዘኑ እየሮጠ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እንስሳ በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጥይትህ በሴኮንድ 800 ሜትር ብትበር እንኳ 60 ሜትሩን ለመጨረስ 0.075 ሴኮንድ ይፈጅባታል፣ በዚያች ቅጽበት እንስሳው 1 ሜትር ያህል ተጉዟል። ትከሻው ላይ አነጣጥረህ ከለቀቅክ ጥይቷ የምትደርሰው ሆዱ ላይ ነው፣ ወይ የኋላ እግሩ ላይ፣ ካልሆነም አየር ላይ። አየር ከሆነ ተመስገን። ሆዱ ከሆነስ?

"ምንም አልሆነም፣ ነጭ ጭራውን አቁሞ ሄደ" ብለሃል። ይሄ ማስረጃ አይደለም። የተመታ አጋዘን ምንም እንዳልነካው ሆኖ መቶ ሜትር ሮጦ ጥሻ ውስጥ ይተኛል። ከማማው ወርደህ ቀጥ ብለህ መኪናው ጋ ሄድክ፣ ጓደኞችህም ሸሚዙን ለመቁረጥ ቸኩለው ማንም አጋዘኑ የቆመበትን ቦታ አላየም። አፍረህ ነው፣ ይገባኛል፣ ያፈረ ሰው የተኮሰበትን ቦታ ተመልሶ ማየት አይፈልግም። ግን መሳትህን በምን አወቅህ? ጥይቷ የገባችበትን መሬት አላየህ፣ የተፈነጠረ አፈር አላየህ፣ የተላጠ ግንድ አላየህ።

መውረድ ያለብህ እንዲህ ነበር። ገና ማማው ላይ ሆነህ አጋዘኑ የቆመበትንም የጠፋበትንም ቦታ በአንድ ዛፍ ወይ ድንጋይ ትለያለህ፣ ምክንያቱም መሬት ስትወርድ ሁሉም ነገር ይቀየርብሃል፣ ጥዱ ሁሉ አንድ ይመስላል። ትንሽ ትቆያለህ። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄደህ ጎንበስ ብለህ መሬቱን ታያለህ፣ ሰኮናው ተስፈንጥሮ የቆፈረውን፣ የወደቀ ፀጉር እንዳለ፣ ቅጠል ላይ ጠብታ እንዳለ። ፀጉሩ ነጭ ከሆነ የሆዱን ሥር ይሆናል የነካኸው። ደሙ ቀላ ብሎ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፣ ሩቅ አይሄድም። ከጠቆረ ጉበት ይሆናል። አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበት ፈርስ ፈርስ ከሸተተህ ግን ሆዱ ነው፣ ያኔ ወዲያው እግር በእግር አትከተለውም፣ ብታባርረው እየደማ አገር ያቋርጣል። ለብዙ ሰዓት ትተወዋለህ፣ እሱም አቅራቢያው ይተኛል፣ ከዚያ ሰው ይዘህ ቀስ ብለህ ትፈልጋለህ። ምንም ምልክት ካጣህም መቶ ሜትሩን በሄደበት አቅጣጫ ዞር ዞር ብለህ አይተህ ነው "ሳትኩ" የምትለው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሸሚዙ ቢቆረጥበትም እኔ ዘንድ አዳኝ ነው።

አሁን ቀኑ አልፏል፣ ደሙም ደርቋል፣ ዝናብም ጥሎ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ባለ መሬቱን ደውልለት፣ ዛሬውኑ። ሥራ አለኝ እንዳትለኝ፣ ለመደወል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛዋን የተኮስኩት ሲሮጥ ነው፣ ቦታውንም አላየሁም ብለህ እንዳለ ንገረው፣ አታሳምረው። ከቅዳሜ ወዲህ በዚያ በኩል አሞራ ሲዞር አይቶ እንደሆነ ጠይቀው። አይቻለሁ ካለህ ሄደህ እየው፣ የሆነውን በዓይንህ እየው፣ ለጓደኞችህም ንገራቸው። ምንም የለም ካለህ ደግሞ እሰየው፣ የፊታችን ቅዳሜ ከማማው በፊት 100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቅለህ ጀምር፣ የመታኸውንም ያልመታኸውንም ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

አባትህ
ከደሴ