ሽንኩርት ላይ ውኃ አስረጫችሁን

ለሥልጠና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለገበያ ሻጮች ስለሰጣችሁት ሥልጠና የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

በእሁድ ገበያ አትክልት እሸጣለሁ። ወንድሜ መቂ ላይ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል፤ እኔ አዲስ አበባ ተቀብዬ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት አትክልት ተራ ነበርኩ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ስንነሣ አብሬ ተነሥቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ሥራው ያልገባት ጀማሪ ናት እንዳትሉኝ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሰጣችሁት የሁለት ቀን ሥልጠና ከእህቴ ልጅ ጋር ተካፍያለሁ። ለአንድ ሰው 2,500፣ ለሁለታችን 5,000 ብር ከፍለናል። በራሪ ወረቀታችሁ «ሁለተኛው ቀን በገበያ ቦታ ተግባራዊ ልምምድ» ይላል። እኔን የሳበኝ እሱ ነው። ሁለተኛውንም ቀን ያው የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዋልን። ስንጠይቅ «መኪና አልተመቻቸም» ተባልን። ገበያው እኮ ከሆቴሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው!

አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው አልፈርድም። ችግሩ ያሳዩን ነገር የእኛ አለመሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ የበራው ፎቶ ሁሉ የፈረንጅ ገበያ ነው፤ እንጆሪ በትንንሽ ቅርጫት፣ ነጭ ድንኳን፣ የካርድ መክፈያ ማሽን። ዋጋችንን በ99 እንድንጨርስም መከሩን። ቲማቲሙን 50 ብር ከማለት 49 ብር ከ99 ሳንቲም ብንለው ገዢ ይረክስለታል አሉ። እስቲ የአንድ ሳንቲም መልስ ከየት ላምጣ? እኛ ጋ ደግሞ የዋጋ ተመኑ ጠዋት ተለጥፎ ነው የሚጠብቀን።

«ወቅትን ተከትሎ መሸጥ» በሚለው ክፍል በጥቅምት መደባችንን በዱባ እንድናስጌጥ ተነገረን። ደጃችን ላይ የቆመው ሁዳዴ አንዴ እንኳ አልተነሣም። 55 ቀን ሙሉ ድንችና ጎመን እንዴት እንደሚፈለግ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ለዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሻሙበት ለአሠልጣኙ የነገርናቸው እኛው ነን። ማን ማንን እንዳሠለጠነ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ተብሎ ይታለፍ። ያላለፈልኝ የውኃው ነገር ነው። አሠልጣኙ «አትክልታችሁን በየግማሽ ሰዓቱ ውኃ እርጩት፣ ገዢ ትኩስ ነገር ይወዳል» አሉ። የቱን እንደሆነ አልለዩም። ለጎመንና ለሰላጣ ልክ ነው። ሽንኩርት ግን ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ነው የሚፈልገው። የእህቴ ልጅ ለሥራው አዲስ ናት፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ አሰመረችበትም። በቀጣዩ እሁድ ፌስታል ልገዛ ሄጄ ስመለስ ቀዩ ሽንኩርት ከላይ እስከ ታች ርሷል። በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ማማሩንስ አምሯል። የተረፈውን ሳላየው በጆንያ አስራ አስገባችው። ረቡዕ ጆንያውን ስፈታ ሽታው መለሰኝ። እጄን ባስገባ ጣቴ ሰመጠ። 18 ኪሎ ጣልኩ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔ ግን የተቆጣሁት በእሷ አይደለም።

ድንች ፀሐይ ላይ ሲውል አረንጓዴ እንደሚሆንና ለጤና እንደማይበጅም አልተነገረም። ከቲማቲም አጠገብ ሙዝ ሲቀመጥ ቲማቲሙ ቶሎ እንደሚበስልም እንዲሁ። የሚያከስሩን እኮ እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ በላይ እንዲያስተምሩን የፈለግሁት ሒሳቡን ነበር። 100 ኪሎ ቲማቲም ከማሳ በ40 ብር ቢነሣ 4,000 ነው። ለመኪናና ለጫኝ 600 ጨምሩ። ጀማሪ 4,600ን ለ100 አካፍላ «46 ገባኝ፣ በ50 ብሸጥ አራት አራት ብር አተርፋለሁ» ትላለች። ግን 15 ኪሎው መንገድ ላይና መደብ ላይ ተጨፍልቆ ቢቀርስ? ቀሪው 85 ኪሎ በ50 ሲሸጥ 4,250 ብር ነው። 350 ብር ከሰረች ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ። ይህን ለማስረዳት አንድ ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይበቃ ነበር። በምትኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሎጎ ቀለም ሰማን።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የረባ ነገር አግኝቻለሁ። የአሠልጣኙ ረዳት የሆነው ልጅ፣ በሻይ ሰዓት ነው፣ ገዢ በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስልኩን ሲያሳየን እንዳናምን፣ መልእክቱ በራሳችን ስልክ ከ127 እስኪገባ ዕቃውን እንዳንሰጥ ነገረን። በዚሁ ሳምንት ሠርቶልኛል። ልጁን አመስግኑልኝ። ሥልጠናውን ለእሱ ብትሰጡት ይሻል ነበር።

ሰርተፍኬታችንን ስንጠይቅ ደግሞ «ማተሚያ 300 ብር» ተባልን። በራሪ ወረቀቱ «ሰርተፍኬትን ጨምሮ» ይላል።

የምጠይቀው ይህን ነው። ያልተሰጠውን የሁለተኛ ቀን ክፍያ፣ ማለትም የሁለታችንን 2,500 ብር መልሱልን፤ ወይም ልምምዱን ቃል በገባችሁት መሠረት ገበያ ላይ ስጡን። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ መደቤን እፈቅዳለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ዕቃ ስናወርድ ኑ። ሰርተፍኬቱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስጡን። የሽንኩርቱን ኪሳራ አልጠይቅም፤ ግን የውኃውን ምክር አብረውን ለሠለጠኑት ሁሉ ደውላችሁ አርሙላቸው። ሌሎቹም ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል።

በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኜን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የእሁድ ገበያ አትክልት ሻጭ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ 2፣ በራሪ ወረቀት 1፣ የሽንኩርቱ ፎቶ 1