ካቴድራል ሳይሆን የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ በጉዞ ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እዚህ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ያለው ሰፈሬ፣ ትሮምስዳለን ነዋ! ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ግን ተበሳጨሁ። «የትሮምሶ ካቴድራል፣ የጳጳሱ መንበር» ይላል። ካቴድራል አይደለም፤ የጳጳሱም መንበር እዚያ አይደለም። ስሙ የትሮምስዳለን ቤተ ክርስቲያን ነው። አጥቢያ ነው፣ የሉተራን አጥቢያ።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህም «ኢስሃቭስካቴድራለን» ይሉታል፤ የበረዶው ባሕር ካቴድራል እንደ ማለት ነው። ቅጽል ስም ነው። እውነተኛው ካቴድራል ሰፈራችንን ከደሴቱ ከሚያገናኘው ድልድይ ማዶ፣ መሃል ከተማ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1861 የተሠራ የእንጨት ሕንፃ ነው። የኖርድ ሆሎጋላንድ ሀገረ ስብከት ጳጳስ መንበርም እሱ ነው። አንዴ እዚያው ደጁ ላይ ቆሜ ሁለት ቱሪስቶች «ካቴድራሉ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ይኸው» ብዬ አሳየኋቸው። አላመኑኝም፤ ወደ ድልድዩ ሄዱ።

እኔ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ከማያቸው አንዷ የትሮምስዳለን ሰው ናቸው፤ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1960 ሳይከፈት በፊት ከተማ የሚሻገሩት በጀልባ እንደነበር ይነግሩኛል። ቤተ ክርስቲያኑ የመጣው ከድልድዩ ቀጥሎ፣ በ1965 ነው። ድልድዩን ጨርሰህ ስትወርድ ፊት ለፊትህ ድቅን ይላል። እማማ ካቴድራል ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። «ኪርካ» ነው የሚሉት። ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ።

የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው አርክቴክት ያን ኢንገ ሆቪግ ነው፤ ስሙን እንኳ አልጻፋችሁም። ሕንፃው ግድግዳው የቱ፣ ጣሪያው የቱ እንደሆነ አይለይም። በግራ 11፣ በቀኝ 11 ግዙፍ የኮንክሪት ፓኔሎች አሉሚኒየም ለብሰው እንደ ድንኳን ተደጋግፈዋል። አንዱ የበረዶ ተራራ ይመስላል ይላል፣ ሌላው የዓሣ ማድረቂያ እንጨት። እኔ ከዓሣው ወገን ነኝ። በፓኔሎቹ መካከል ረጃጅም መስታወት አለ። እዚህ በክረምት ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱ ድልድዩ አናት ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ስንጥቅ ከውስጥ በርቶ ይታየኛል። ደረስኩ የምለው ያኔ ነው።

በስተምሥራቅ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የቪክቶር ስፓሬ ሥራ ነው። የገባው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። የክርስቶስን ዳግም ምጽአት ያሳያል። በምዕራብ፣ በመግቢያው በኩል ያለው ግን ንጹሕ መስታወት ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳያል። የኔም ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባለፈው በጋ የእማማ የልጅነት ጓደኛ አርፈው ለቀብር ሥርዓቱ ይዣቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ቀብር እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሬሳ ሣጥኑ ፊት ተቀምጦ እየተዘመረ ሳለ ዞር ብል፣ ሰዎች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ስልካቸውን ደቅነዋል። አንዱማ በሩን ይጎትታል። ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም። ከመርከብ የወረዱት «ታዋቂውን ካቴድራል» ለማየት ነው፤ ሙዚየም መስሏቸዋል። እማማ ዞረው አላዩም። እጄን ግን ጨመቅ አደረጉኝ። ሰው እዚህ ይጠመቃል፣ ይዳራል፣ ይሸኛል። ይህን ማንም ከፎቶ በታች አይጽፈውም።

ስለዚህ እባካችሁ እርማት አውጡ። «የትሮምስዳለን ቤተ ክርስቲያን፣ አርክቴክት ያን ኢንገ ሆቪግ፣ 1965» ብትሉ ይበቃል። ቦታም አይፈጅባችሁም።

ፎቶው ግን ያምራል። ገጹን አትሜ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ፊደሉን አገላብጠው አገላብጠው አዩና «ምን ይላል?» አሉኝ። «ኪርካ ይላል» አልኳቸው። እስክታርሙት ድረስ ውሸታም አድርጋችሁኛል።

አንባቢያችሁ፣
ከትሮምሶ